የልብ ጡንቻ መቆጣት፣ ኳስና የላብራቶሪ አይጦች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ጉንፋን ይዞት ከዳነ ከሳምንት በኋላ ደረቱን ይወጋው ጀመር። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የደም ምርመራ ተደርጎለት "የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው፣ ለ6 ወር ኳስ እንዳትነካ" ተባለ። አሁን ግን ድኛለሁ ብሎ ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራ ካልወጣሁ እያለ ያስቸግረናል። የአክስቴ ልጅ ውጭ አገር በዚሁ በሽታ ላይ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው፤ ስደውልላት የምታወራኝ ስለ አይጥ ብቻ ነው። የአይጥ ልብ ለወንድሜ ምን ያደርግለታል? ጎረቤታችን ደግሞ በየወሩ ፔኒሲሊን ይወጋ ትላለች።
የጨነቃት እህት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ከሜዳ ያስቀረው ትእዛዝ እኮ ራሱ በከፊል ከአይጥ የመጣ ነው! እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ኮክሳኪ ቢ3 የሚባል፣ የልብ ጡንቻን የሚያስቆጣ ቫይረስ የሰጧቸውን አይጦች ውሃ ውስጥ አስዋኟቸው። በዋኙት ልብ ውስጥ ቫይረሱ ካረፉት ይልቅ እጅግ ተባዛ፣ የሞቱትም በዙ። ይህን በሰው ላይ ማን ይሞክራል? ሜዳ ላይ ድንገት ወድቀው የሚሞቱ ወጣት ስፖርተኞች ሲመረመሩም ከሚገኙት ምክንያቶች አንዱ ይኸው በሽታ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ከባድ እንቅስቃሴ የሚከለክሉት። ድኛለሁ ማለቱ አይገርምም፣ ውጋቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጡንቻው ግን ገና ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፣ የቀረ ጠባሳም ካለ የልብ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። ታቦር ይቆየው።

የአክስትሽ ልጅ የትኛውን ጫፍ እንደያዘች አልነገርሽኝም። በዚህ መስክ ብዙዎች የሚለፉበት ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ የሰውነት መከላከያ ለምን የገዛ ልቡን መጉዳቱን ይቀጥላል? አብዛኛው ታማሚ ይድናል። የአንዳንዱ ልብ ግን እየሰፋና እየደከመ ይሄዳል፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ነው የሚፈለገው። አንዱ ዘዴ በልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን ቁራጭ ወስዶ አይጧን መውጋት ነው፤ ያኔ ምንም ቫይረስ ሳይኖር በ3 ሳምንት ገደማ ልቧ ይቆጣል። ከዚያ ልቡ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል፣ በማይክሮስኮፕ ሴል ይቆጠራል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ስትደውይላት እዘኚላት። አንድ ዶክትሬት አንዲት ሴል ወይም አንዲት ፕሮቲን ተከታትሎ ሊያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ከእሷ ለወንድምሽ የሚሆን መድኃኒት አሁን አትጠብቂ።

"ታዲያ መከላከያውን ለምን በመድኃኒት አያዳክሙትም?" ትይኝ ይሆናል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ የታተመ፣ 111 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ በጥቅሉ ለውጥ አላሳየም። ነገር ግን ጃይንት ሴል የሚባለው ብርቅና አደገኛ ዓይነት ያለ እነዚህ መድኃኒቶች አይሆንለትም። እንግዲህ ማን የትኛው ዓይነት እንዳለው መለየቱ ላይ ነው ጣጣው፤ አንዳንዴ ከልቡ ትንሽ ናሙና እስከ መውሰድ ይኬዳል። በእኔ እይታ የላብራቶሪው ልፋት የሚክሰው እዚህ ጋ ነው።

ጎረቤትሽ ያለችው መርፌ ለሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ያ የሚነሳው ከጉሮሮ ባክቴሪያ ሲሆን በዋናነት የሚያበላሸው የልብ ቫልቮችን ነው። አገራችን ውስጥ ስለበዛ ሰው ያምታታዋል፣ አይፈረድባትም። ለወንድምሽ ግን ሐኪሙ ካላዘዘ አይወጋ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎችም ከፋርማሲ በራሱ እየገዛ እንዳይውጥ። ራሱን ከሳተ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ከደለቀ፣ ተጋድሞ መተንፈስ ካቃተው ወይም እግሩ ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። 6 ወሩ ሲሞላም ዝም ብሎ ማሊያ አይልበስ፤ ኢኮውና ኢሲጂው ይደገም፣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ይታይ፣ እየሮጠ ልቡ የሚመረመርበት ካለም ይጠይቅ።