ሙቀቱን ከመጨመራችሁ በፊት

የሌብል ፕሪንተር ጥገና ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ሱፐርማርኬት ሚዛኑ ላይ የተገጠመው፣ ፋርማሲ የመድኃኒት አወሳሰድ የሚያትመው፣ መጋዘን ካርቶን ላይ የሚለጠፈውን የሚያወጣው ሁሉ ሥራው አንድ ነው። ቀለም አይረጭም፤ በሙቀት ነው የሚጽፈው።

ደንበኛ ደውሎ «ፕሪንተሩ ደበዘዘብኝ» ሲላችሁ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳርክነሱን፣ ማለትም የማተሚያውን ሙቀት፣ ትጨምራላችሁ። ቀላል ነው። ደንበኛውም እዚያው ለውጡን አይቶ «እጅህ ይባረክ» ይላል። ትንሽ ሲቆይ እንደገና ይደበዝዛል፤ እንደገና ይጨመራል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚጨመር ነገር የለም፤ ሄዱም፣ ማለትም እየጋለ የሚያትመው ክፍል፣ አብሮ አልቋል። ባልታሰሰ ምጣድ ላይ እሳት ብትጨምሩ እንጀራው ይጣበቃል እንጂ ዓይን አያወጣም።

ሄዱን አውቃችሁት ተነሱ። በወረቀቱ ስፋት ልክ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ናቸው። 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ) በሚባለው ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 8 ነጥብ አለ፤ በ300ው ላይ 12 ያህል። ባለ 4 ኢንቹ ፕሪንተር የሚያትመው ስፋት 104 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኼ በ203 ሲሰላ 832 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዷ ነጥብ በቅጽበት ትግላለች፣ በቅጽበት ትበርዳለች። ከላይ የሚሸፍናት ስስ መከላከያ ብቻ ነው። ከነጥቦቹ አንዷ ብትሞት እሷን ብቻ ነጥሎ መጠገን የለም፤ የሚቀየረው ሄዱ በሙሉ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሄድ እንደ ኪቦርድ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ታዝዞ እስኪመጣ የደንበኛው ሥራ ይቆማል፤ ዋጋውም ራስ ያዞራል።

ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት የታተመውን ወረቀት ስጡኝ በሉ። አንድ አይበቃም፤ አምስት ስድስት ተከታታይ ሌብል ይሁን። ወረቀቱ ብዙ ይናገራል። ወረቀቱ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነጭ መስመር ካለ ነገሩ ያለው ሄዱ ላይ ነው፤ ወይ ቆሽሿል ወይ ነጥብ ሞቷል። ግራው ደምቆ ቀኙ ከሳሳ ሄዱ እኩል አልተጫነም፣ ወይም ሮለሩ (ከሄዱ ስር ሆኖ ወረቀቱን የሚጎትተው ጎማ) በአንድ ወገን አልቋል። ሰያፍ የሆነ የተጨማደደ ምልክት ካያችሁ ሪበኑ (በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያርፍ ቀለም ያለበት ስስ ጥቅል) እየተሸበሸበ ነው። አንድ አትሞ ሁለት ባዶ የሚያሳልፍ ከሆነ ሌብሉ የት እንደሚጀምር የሚያየውን ሴንሰር ጠርጥሩ። ሁሉም እኩል ደብዝዞ ከመጣ ብቻ ነው ስለ ሙቀት ማሰብ የሚጀመረው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይጸዳል።

ነጩ መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ የሚከፍለው እሱ ላይ ነውና። ብዙ ጊዜ ሞተ የተባለው ሄድ የሌብል ሙጫ የተጣበቀበት ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። አይሶፕሮፒል አልኮል ያዙ፤ 99 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፣ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ውሃና ሌላ ነገር አለበት። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ወይም ብናኝ በማይተው ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ከመሃል ወደ ዳር በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ። ወደ ኋላና ወደ ፊት ስትፈትጉት ቆሻሻውን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። ምላጭ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ጥፍር፣ አሸዋ ወረቀት በጭራሽ! ሮለሩንም እያዞራችሁ ጥረጉ፤ ሰው ሄዱን ጠርጎ ሮለሩን ይረሳዋል፣ ሙጫው ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። እስኪደርቅ ትንሽ ታገሡና አትሙ። ሪበን ወይም ሮል በተቀየረ ቁጥር እንዲጸዳ ለደንበኛው አሳዩት። ገበያ ያሳጣናል የሚል አለ። ለእኔ ግን በጽዳት ያዳንኩለት ደንበኛ ነው ሌላ ደንበኛ ይዞልኝ የሚመጣው።

ከጸዳ በኋላም መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ካለ ነጥቡ ሞቷል። ሄዱ እስኪመጣ ግን ሥራ አታስቁሙ። ባርኮዱን ተመልከቱ። ቋሚዎቹ መስመሮች ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ከሆኑ የሞተችው ነጥብ አንዱን መስመር ሙሉ በሙሉ ልታጠፋው ትችላለች፤ ስካነሩም አያነብም። ዲዛይኑ ላይ ባርኮዱን 90 ዲግሪ አዙሩት። አሁን ነጩ መስመር ሁሉንም አቋርጦ ያልፋል፤ ስካነሩ ከሱ በላይ ወይም በታች ያለውን ያነባል። ቦታ ከጠበበባችሁ ባርኮዱን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ከሞተችው ነጥብ ማሸሽም ይቻላል።

ሌላው ወረቀቱ ራሱ ነው። ወረቀቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከጠቆረ በራሱ ሙቀት የሚጠቁር ወረቀት ነው፣ ሪበን አይፈልግም። ካልጠቆረ ሪበን ይፈልጋል። ይህን ሳያረጋግጡ «ማሽኑ ባዶ ነው የሚያወጣው» ብለው ፈተው የሚበታትኑ አጋጥመውኛል። ከገበያ የተገዛው ሮል ተቀይሮ ነው እኮ!

አንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ ጠርቶኝ «የናሙና ብልቃጥ ላይ የምንለጥፈው ጽሑፍ አይነበብም፣ ማሽኑን ቀይርልን» አሉኝ። ከማሽኑ የወጣውን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ብልቃጡን አየሁ፤ ወረቀቱ ጠቁሯል፣ ጽሑፉ ጥቁሩ ውስጥ ጠፍቷል። ቆሜ ሥራቸውን ተመለከትኩ። ባለሙያዋ ከለጠፈች በኋላ ብልቃጡን በአልኮል ትወለውላለች። በሙቀት የሚጠቁር ወረቀት ደግሞ አልኮል አይችልም፤ ፀሐይም፣ ዘይትም፣ ሙቅ ቦታም ያበላሹታል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጠርጎ አድርቆ ከዚያ መለጠፍ ለጊዜው በቂ ነበር። ለዘለቄታው ግን በሪበን የሚያትም ማሽንና ፕላስቲክ ሌብል ነው የሚያስፈልጋቸው።

ሪበን ካነሳን ዘንድ፣ ዓይነቱን ከወረቀቱ ጋር አዛምዱ። የሰም ሪበን ለወረቀት ነው። ፕላስቲክ ሌብል ላይ ብታትሙበት በጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ይኼኔ ነው ብዙ ሰው ሙቀት የሚጨምረው። ሙቀት አያድነውም፣ ለፕላስቲክ የሚሆነው ሬዚን የሚባለው ሪበን ነው የሚያድነው። ቀለሙ በየትኛው ፊት እንዳለ ከጠፋባችሁ የስቲከሩን የሚጣበቅ ጎን ሪበኑ ላይ ነካ አድርጋችሁ አንሱት፤ ቀለሙ የለቀቀበት የሪበኑ ፊት ወረቀቱን ማየት አለበት። ስፋቱም ከሌብሉ ትንሽ ይብለጥ። ሪበኑ ከጠበበ የሌብሉ ጠርዝ ሄዱን በቀጥታ ይፈገፍገዋል።

ሁሉንም አጣርታችሁ አሁንም ከሳሳ፣ ሙቀት ከመጨመራችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱ። በሰከንድ 6 ኢንች ከሆነ ወደ 4 አውርዱና እዩ። ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ሙቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንኩ፣ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ዜብራ በሚባለው የፕሪንተር ዓይነት ላይ ዳርክነሱ ከ0 እስከ 30 ነው፤ ደንበኛው ጋ ስትደርሱ 30 ላይ ካገኛችሁት ከእናንተ በፊት ማን እንደመጣ ገብቷችኋል።

ደግሞ ከመጠን በላይ መጥቆር ጥራት አይደለም። የባርኮዱ መስመሮች ያብጣሉ፣ መሃላቸው ያለው ነጭ ይጠባል፣ ስካነሩ ይቸገራል። የኛ ፊደል ላይማ ይብሳል። ፋርማሲ ውስጥ በትንሽ ፊደል የታተመ «ሌ» እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ትሞላና «ሊ» ይመስላል። አወሳሰድ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ፊደሉን ተለቅ አድርጉ፣ ሙቀቱን ቀንሱ፤ ደንበኛው አቅም ካለው 300 ዲፒአይ ያለውን ምከሩት። በነገራችን ላይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ማሽኑ አልተበላሸም። ብዙዎቹ ፕሪንተሮች ውስጣቸው የግዕዝ ፊደል የላቸውም። በኮምፒውተሩ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባው ፕሮግራም) በኩል እንደ ሥዕል ሆኖ ሲላክ ይወጣል።

ሴንሰሩ ላይ ብዙ አልልም። የሌብል መጠን በተቀየረ ቁጥር ካሊብሬት አድርጉ፤ ማለትም ማሽኑ አዲሱን ሌብል እንዲለካ አድርጉ። ሌብሉ በክፍተት ነው የሚለየው ወይስ ከጀርባው ባለው ጥቁር ምልክት፣ ሴቲንጉ ላይ እሱን አስተካክሉ። ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በሌብሉ ስር መሆኑን እዩ። የወረቀት ብናኝም ይሸፍነዋል፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ሄድ ስትቀይሩ ኃይሉን ሳታቋርጡ የሄዱን ገመድ አትንቀሉ፣ አትሰኩ። አዲሱን ሄድ በዚያች ሰከንድ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የማሞቂያውን መስመር በባዶ ጣት አትንኩት። አዳፕተሩም ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ ነው አትበሉ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ከማሽኑ ጋር አስተያዩ። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑር በሉ።

ጨርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የደንበኛውን የራሱን ሌብል አትማችሁ በራሱ ስካነር አስነብቡ። «ቢፕ» ካለ በኋላ ነው ሂሳብ የሚጠየቀው። ከዚያ ሴቲንጉን አትሙትና ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የሪበኑን ዓይነት በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ የሙቀት ወረቀት ከሆነ ኅትመቱ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። ደንበኛው የማሽኑ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠው። በሚቀጥለው ጊዜ እናንተም ሆናችሁ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ከዚያ ነው የሚጀምረው።