መልስ፦ የድንጋይ ካባ ትራፊ ክምር ሳይናድ መታሰቢያ ይሆናል?

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ዳር ያለውን የድሮ ካባ ትራፊ ክምር ከማስናድ ይልቅ ዛፍ ተክለን የድንጋይ ጠራቢዎቹ መታሰቢያ ብናደርገውስ ብለህ ነበር የጠየቅከው። ይቻላል። በሰሜን ፈረንሳይ የከሰል ማዕድን ትራፊ ኮረብታዎች ከነመንደሮቻቸው በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ሎስ አን ጎኤል ያሉት መንትያ ክምሮች ዛሬ ሰው ሽቅብ የሚወጣባቸው ናቸው።

ግን ከችግኝ በፊት ውሃውን እዩ። በዌልስ አበርፋን በ1966 (እ.ኤ.አ.) 144 ሰው፣ ከነሱም 116 ሕፃናት ያለቁት ክምሩ ምንጭ ላይ ስለተደፋ ነው፤ ውሃ የጠገበው ትራፊ እንደ ጭቃ ፈሰሰ። ስለዚህ በነሐሴ ግርጌውን ዙሩት። የሚያዥ ውሃ፣ ያበጠ ግርጌ ወይም አናቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ማንም አይውጣ፣ መሐንዲስ ጥሩ። መሐንዲሱ ከፈቀደ ብቻ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክላችሁ በችካሎቹ መካከል ያለውን ርቀት በየሳምንቱ ለኩ፤ ከሰፋ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ተዳፋቱን ለመለካት የ2 ሜትር ጣውላ አንዱን ጫፍ ተዳፋቱ ላይ አሳርፋችሁ በውሃ ልክ አግድሙ፤ ሌላው ጫፍ ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከራቀ ለተከላ ቀጥ ያለ ነውና እርከን ይፈልጋል። ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቅደዱ። ጠጠር ውሃ አይዝምና ጉድጓዱን በአፈርና በብስባሽ ሙሉት። ክትክታና ወይራ ይሻላሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ሌላውን ያፍናል።

አንዱን ጎን፣ የማይናድ ከሆነ፣ ራቁቱን ተዉት። የመሮ ምልክት ያለበት ድንጋይ ከተሸፈነ የጠራቢዎቹ እጅ አብሮ ይቀበራል።