መምህራንን በአጋዥ ቴክኖሎጂ ማሠልጠን፦ ከባሕር ዳር ለጻፍሽልን

ጥያቄ፦ በኢንፎርሜሽን ሲስተም የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ባሕር ዳር በአንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ቴክኖሎጂዎች ለመምህራን የማሠልጠን ፍላጎት አለኝ። ሁለተኛ ዲግሪ በልዩ ፍላጎት ልማር ወይስ ቀጥታ ሥራውን ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ ሥራውን ጀምሪ፤ ዲግሪው ይደርሳል። በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ለመቀጠር በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ስለሚጠየቅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሄደሽ የመግቢያ መስፈርቱን ጠይቂ፤ ለጋት (የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ) ፈተናም ከአሁኑ ተዘጋጂ። ለአሠልጣኝነት ግን ቀጣሪ አጥብቆ ሊጠይቅሽ የሚገባው «ያሠለጠንሻቸው መምህራን ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራሉ?» የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ የሚኖርሽ አንድ ትምህርት ቤት ይዘሽ አንድ መንፈቀ ዓመት ስትሠሪ ነው።

መጀመሪያ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ጠንቅቀሽ ያዢ። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ ድምፅም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ይደባልቃል። ስለዚህ ጀማሪዎችን ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ አስጀምሪ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤን አንድ ላይ ሲጫኑ ይነሣል፤ ንባቡን ለማቆም ኮንትሮል ብቻውን ይበቃል። የኤንቪዲኤ ትእዛዝ መስጫ ቁልፍ የሆነው ኢንሰርት ብዙ ላፕቶፕ ላይ ለጣት ስለማይመች ሲነሣ በሚመጣው መስኮት ካፕስ ሎክን የኤንቪዲኤ ቁልፍ አድርጊው። ከዚያ ስክሪኑን በወረቀት ሸፍነሽ፣ ማውስ ሳትነኪ፣ አንድ የወርድ ፋይል ከፍተሽ፣ አርመሽና ሴቭ አድርገሽ እስክትዘጊ ድረስ ተለማመጂ።

አሁን ብዙ ሥልጠና ወደሚከሽፍበት ነገር ልምጣ። መምህሩ ሠልጥኖ ይመለሳል፤ ፈተናውን የምትተይበው ግን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ እሷም ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚያውቁት የፊደላት ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግእዝ ፎንት ልትጽፍ ትችላለች። ሲታተም ያማረ አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሥር የያዘው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም የድሮዎቹ ፎንቶች ዛሬም ከአገልግሎት አልወጡም። መለያው ቀላል ነው። ጽሑፉን መርጠሽ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ቀይሪ፤ አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከተለወጠ እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም መለወጥ አለበት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ለስክሪን ሪደር ፎቶ ነው። ቴሰራክት የተባለው ከፎቶ ላይ ፊደል የሚለይ ፕሮግራም አማርኛውን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ነገር ግን የሚመሳሰሉ ፊደሎችን ስለሚያሳስት ሰው ቁጭ ብሎ ማረም ይኖርበታል። ስለዚህ ጸሐፊዋን አሠልጥኚ፤ በእኔ እምነት ከመምህራኑም መቅደም አለባት።

ሁለተኛው እንቅፋት ቁም ሣጥን ነው። ላፕቶፑ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ ሲሆን የፈረመው ርእሰ መምህሩ ከሆነ፣ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነውና ይቆልፍበታል። በዚህ አይፈረድበትም። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ላፕቶፑ በየቀኑ በሚጠቀምበት መምህር ስም እንዲወጣ፣ ካልሆነም የመረከቢያ ደብተር እንዲኖር ተስማሙ።

የአንድ ቀን የአዳራሽ ሥልጠና አትቀበዪ። ስምንት መምህራን፣ ለሁለት አንድ ላፕቶፕ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት ይሻላል። በየሳምንቱ እያንዳንዱ መምህር የራሱን አንድ ክፍለ ጊዜ አዘጋጅቶ ይምጣ፤ እንዲህ ብለሽም ጠይቂው፦ አንተ የምታስተምረው ምንድን ነው፣ ተማሪዋ በዚህ ሰዓት ምን ይዛ ትቀመጣለች፣ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን እየጻፍክ ታነበዋለህ ወይ? ሰዓቱ በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲመዘገብላቸው ከጉድኝት ማዕከሉ (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተባብረው) ሱፐርቫይዘር ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ስለሚጠበቅበት ይህ ጥሩ ማበረታቻ ነው። ዓይነ ስውር መምህር አጋር አሠልጣኝሽ ይሁን፤ አበሉም እኩል ይሁን። ያለ እሱ አትጀምሪ፤ የማየት ችግር የሌለበት ሰው የማያስተውለውን ስሕተት እሱ በመጀመሪያው ደቂቃ ያገኘዋል።

ሐይቁን ተሻግረሽ ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ላይ የምትሠሪ ከሆነ በኢንተርኔት አትመኪ። ከኤንቪዲኤ ሜኑ «ቱልስ» ውስጥ ተንቀሳቃሽ ቅጂ ፍጠሪና ፍላሽ ላይ ያዢው፤ ፍላሹን በየኮምፒውተሩ ከሰካሽው በኋላ ለቫይረስ ፈትሺው። ላፕቶፖቹን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገሽ ጀልባ ላይ ጫኚ፤ ማታውኑ ቻርጅ ይሁኑ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይቆም ስሌትና ስታይለስ (የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) እንዲሁም ወፍራም ወረቀት አይለይሽ፤ ብሬይል በስሌት ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚወጋ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ መምህራኑ በእጃቸው ይሞክሩት።

መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ሦስት ሰነድ ይኑርሽ፦ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የተዘጋጀ አንድ ፈተና፣ ከስምንቱ መምህራን ስንቱ ከሁለት ወር በኋላም እንደሚጠቀም የሚያሳይ የክፍል ምልከታ ቅጽ፣ እና የርእሰ መምህሩ ደብዳቤ። የኤንቪዲኤ አዘጋጅ የሆነው ኤንቪ አክሰስ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የኤንቪዲኤ ባለሙያነት ፈተናም ውሰጂ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እነዚህን ከሲቪሽ ጋር አያይዘሽ ማመልከት ትችያለሽ።