የዘንጉ የራሱ ክብደትስ የት ገባ?

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአንኮበርና በሸዋ ሮቢት ፊዚክስ ለምትማሩ ልጆቼ፤

ከሕንፃ ምህንድስና ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ደጋግሞ የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ዕቃ በራሱ ክብደት የሚፈጥረው ቶርክ፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ዙሪያ የማዞር አቅም። ዘንጉ ጫፍ ላይ ድንጋይ ከተንጠለጠለ ኃይሉን በርቀቱ አባዝተው ይጨርሳሉ። ድንጋዩ ተነሥቶ ዘንጉ ብቻ ሲቀር ግን እርሳሱ ይቆማል። ክብደቱ በዘንጉ ሁሉ ላይ ተበትኖ ሳለ ርቀቱ ከየት እስከ የት ይለካ?

ጥፋቱን በከፊል በመማሪያ መጻሕፍት አሳብባለሁ። «ክብደት የሌለው ዘንግ» የምትለው ሐረግ ለጀማሪ የተደረገች ቸርነት ናት። እንዲህ ያለ ዘንግ የሚሸጥ ሱቅ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላጋጠመኝም።

አንድ የባሕር ዛፍ አጣና እንውሰድ፤ አገራችን በዚህ አትታማም። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ መጠነ ቁሱ 20 ኪሎ ግራም፣ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው እንበል። አንዱ ጫፍ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ ተይዞ አጣናው አግድም ተዘርግቷል። አሁን በሐሳባችሁ ቆራርጡት። ከማጠፊያው ሥር ያለችው ቁራጭ ርቀቷ ዜሮ ስለሆነ ቶርክ የላትም። በሌላው ጫፍ ያለችው እኩያዋ በ4 ሜትር ትባዛለች። የሁለቱ አማካይ ርቀት 2 ሜትር ነው። 1 ሜትር ላይ ያለችውን 3 ሜትር ላይ ካለችው ጋር አጣምሩ፤ አማካዩ ያው 2 ሜትር ነው። እንዲህ እያጣመራችሁ ስትጨርሱ፣ ድምሩ ጠቅላላ ክብደቱ መሀል ላይ ቢንጠለጠል ከሚሰጠው ቶርክ ጋር እኩል ይሆናል። የክብደት ማዕከል የሚባለው ነጥብ ይኸው ነው፤ መምህሩ እዚያ ላይ አንዲት ቀስት ብቻ የሚስለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ክብደቱ 20 × 9.8 = 196 ኒውተን፣ ቶርኩም 196 × 2 = 392 ኒውተን ሜትር ነው። (ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የስበት ፍጥንጥነቷ ወደ 9.77 ይጠጋል። ለፈተና 9.8 ጻፉ፤ አራሚው እዚህ ድረስ አይከተላችሁም።)

መደገፊያው ከአንዱ ጫፍ 1 ሜትር ላይ ሲሆን ግርግሩ ይበዛል። ከመደገፊያው በአንድ ወገን 1 ሜትር፣ በሌላው 3 ሜትር ይቀራል። አጭሩ ወገን 49 ኒውተን ይመዝናል፤ መሀሉ ከመደገፊያው 0.5 ሜትር ስለሚርቅ ቶርኩ 24.5 ነው። ረጅሙ 147 ኒውተን በ1.5 ሜትር፣ ማለትም 220.5 ይሰጣል። የሚያዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ስትቀናንሱ 196 ኒውተን ሜትር ይቀራል። ወይም ሳትቆርጡት፣ የአጣናው መሀል ከመደገፊያው 1 ሜትር ይርቃል፤ 196 × 1፣ አለቀ። የፈለጋችሁትን መንገድ ምረጡ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ግን ክብደቱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

አጣናው አዘንብሎ ሲቆም ደግሞ «ሳይን ነው ኮሳይን?» ይሉኛል። ይህን በቃል መያዝ አልወድም። ክብደት ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይስባል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ከመዞሪያው ነጥብ እስከ ክብደቱ መስመር ያለው አግድም ርቀት ነው። የመጀመሪያው አጣና ከአግድም 30 ዲግሪ ሲነሣ ቶርኩ ወደ 339 ይወርዳል፤ በ60 ዲግሪ 196 ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዜሮ ነው። ቀጥ ላለው ዜሮ የማይሰጥ ቀመር ከጻፋችሁ ሰርዙት።

ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ነገርስ? የመንዝ ገበሬ ሞፈሩን ትከሻው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ማዕከሉን ያገኘዋል፤ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ የርዝመቱ መሀል አይደለም። ለከባድ ግንድ ሚዛን ተጠቀሙ። 5 ሜትር የሆነ ግንድ ቀጭን ጫፉ መሬት እንደነካ፣ ወፍራም ጫፉን በሚዛን ጥቂት ብታነሡት 18 ኪሎ አነበበ እንበል። ገልብጣችሁ በቀጭኑ በኩል ብታነሡት 12 ኪሎ አነበበ። የግንዱ ጠቅላላ 30 ኪሎ ነው፤ ማዕከሉም ከቀጭኑ ጫፍ 18 × 5 ÷ 30 = 3 ሜትር ላይ ነው። ሙሉ ግንዱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሸከሙ ሁለቱንም አወቃችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ጣታችሁን ከሥሩ ጠብቁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ በረንዳ እያሰብኩ ነው። ከግድግዳ ወጥቶ በሌላው ጫፉ ያልተደገፈ የአርማታ ሶሌታ አስቡ፤ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በግድግዳው አቅጣጫ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። 1 ሜትር ቢወጣ ክብደቱ ወደ 3,750 ኒውተን፣ ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ቶርክ 1,875 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ «ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ» ብሎ ወደ 2 ሜትር ቢያስረዝመው ክብደቱ በእጥፍ ያድጋል፤ የማዕከሉ ርቀትም በእጥፍ። ቶርኩ 7,500፣ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ገና ሰው ሳይቆምበት፣ ወንበር ሳይወጣበት። እንዲህ ያለ ሶሌታ ወደ ታች ሲጎብጥ የሚለጠጠው የላይኛው ገጽ ነው፤ ኮንክሪት ደግሞ መለጠጥን አይችልም። ዋናው ፌሮ ከላይ በኩል የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኞች ሲመላለሱበት ረግጠው ወደ ታች ያወርዱታል፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማን ያየዋል? ሠፈራችሁ ውስጥ በረንዳ ሲሠራ ካያችሁ ከሙሌቱ በፊት ፌሮው የት እንዳለ ጠይቁ። ፎርማኑ የራስ መከላከያ አላደረጋችሁም ብሎ ቢያባርራችሁ ግን አትቀየሙት፤ እሱም ልክ ነው።