ፓች ክላምፕ፦ ጊጋ ኦም ለምን አይደርስም? (መልስ)

ፓች ክላምፕ የሴልን ኤሌክትሪክ በቀጭን የመስታወት ፒፔት የመለካት ዘዴ ነው፤ የፒፔቱ ጫፍ ከሴሉ ሜምብሬን (ሽፋን) ጋር በደንብ ሲታሸግ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ከአንድ ጊጋ ኦም (1000 ሜጋ ኦም) በላይ መድረስ አለበት። «ፒፔቱ ሴሉን ሲነካ ሬዚስታንሱ 200 ሜጋ ኦም ደርሶ እዚያው ይቆማል» ላሉት ጠያቂ፦

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፒፔቱ ጫፍ ንጽሕና ነው። ጫፉ ፈሳሹን ሳይነካ በፊት ውስጡ ቀላል ግፊት ከሌለ፣ ላይ ላዩን የሚንሳፈፈው ቆሻሻ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢስቡ ሜምብሬኑ አይጣበቅም። ስለዚህ ግፊቱን አስቀድመው ይስጡ፤ የሚለቁትም ሴሉ ላይ ትንሽ ስርጉድ ሲታይ ብቻ ይሁን። ወዲያው በቀስታ ይሳቡ፣ ቮልቴጁንም ወደ -60 ወይም -70 ሚሊ ቮልት ያውርዱ፤ ይህ ማሸጉን በጣም ያግዛል። አንድ ሴል የነካ ፒፔት ለሌላ አይሆንም፣ ይጣሉት። እዚህ ላይ መቆጠብ ቀኑን ሙሉ ያስከፍላል።

የፒፔቱን የውስጥ ፈሳሽ በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር ያጣሩ። ኦስሞላሪቲው (በፈሳሹ ውስጥ የሟሙ ነገሮች መጠን) ሴሉ ካለበት የውጪ ፈሳሽ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ኦስሞል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ፒፔቱ በዕለቱ ከመስታወት ቱቦ ተስቦ የተሠራ፣ ሬዚስታንሱም ለኒውሮን (ለነርቭ ሴል) ከ3 እስከ 6 ሜጋ ኦም ይሁን።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እምቢ ካለ ሴሉን ራሱን ይመልከቱ። በአንጎል ስላይስ (ስስ ቁራጭ) ውስጥ ያበጠና ኒውክሊየሱ ጎልቶ የሚታይ ኒውሮን እየሞተ ነው። ጠርዙ ለስላሳ፣ ንፅፅሩ ደብዘዝ ያለውን ይምረጡ፤ ከጠፋ ስላይሱን ይቀይሩ።