ፌሬቶችን ሳያስርቡ ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋና አጥንት ማሻገር

ውድ እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የአራት ዓመቱ ወንድና የአንድ ዓመቷ ሴት ፌሬትዎ (ፌሬት ቀጭንና ረጅም ሰውነት ያለው ትንሽ ሥጋ በል የቤት እንስሳ ነው) ከግልገልነታቸው ጀምሮ ደረቅ ምግብ ብቻ ሲበሉ እንደኖሩ፣ ወደ ጥሬ ሥጋና አጥንት ሊያሻግሯቸው ሦስት ሳምንት ቢደክሙም የዶሮውን ሥጋ አሽትተው ብቻ እንደሚሄዱ፣ አንድ ሰውም «ደረቁን ምግብ ጨርሰው ይከልክሏቸው፤ ሲርባቸው ይበላሉ» ብሎ እንደመከርዎ ጽፈዋል። ከሁሉ በፊት እባክዎ ይህን ምክር አይከተሉ። እኔ ተከትዬው ነበር፤ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርዎ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ፌሬት ማሳደግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዳማና ቡላ ይባሉ ነበር፤ ዳማ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ፣ ቡላ ገና ዓመቷን ያለፈች ሴት። እርስዎ የተሰጠዎትን ምክር እኔም ሰምቼ አንድ ማታ የደረቅ ምግቡን ሳህን አነሣሁና የተከተፈ የዶሮ ጭን አስቀመጥኩላቸው። ሁለቱም አልነኩትም። ጠዋት ሥጋው ጠርዙ ደርቆ እንዳለ አገኘሁት፤ «ዛሬስ ይበላሉ» ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ስመለስ ዳማ በኬጁ ወለል ላይ ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ተከፍቶ አያይም፣ ምራቁ በአገጩ ወርዷል፣ በፊት እግሩ አፉን ይፍቃል። ላቆመው ስሞክር የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ስደውል ጥቂት ማር በጣቴ ድዱ ላይ እንድቀባና ወዲያው ይዤው እንድመጣ ነገሩኝ። ቀባሁት፤ መኪና ውስጥ እያለን አንገቱን ቀና አደረገ። የደሙ ስኳር እጅግ ወርዶ ነበር፤ በምርመራም ኢንሱሊኖማ የሚባለው የቆሽት ዕጢ እንዳለበት ታወቀ። ይህ ሕመም ሦስት ዓመት ባለፋቸው ፌሬቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ዕጢው የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ያለ ልክ ስለሚያመነጭ እንስሳው ጥቂት ሰዓታት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ይወድቃል። የእርስዎ ወንድ አራት ዓመቱ ነውና ምንም ምልክት ባያሳይም፣ አንዳች ነገር ከመጀመርዎ በፊት ደሙን ያስመርምሩለት።

ነገሩ ከአፈጣጠራቸው የሚመጣ ነው። ፌሬት የአውሮፓ ፖልካት ከሚባለው ትንሽ የዱር አውሬ የመጣ፣ ሰው ካላመደው ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነው፣ ሥጋ ብቻ ለመብላት የተፈጠረ እንስሳ ነው። አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው ምግብ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም እየተነሣ ሰባት፣ ስምንት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል እንጂ እንደ ውሻ አንድ ጊዜ ጠግቦ አይውልም። ምግብ መሆኑን የሚለየው ደግሞ በጠረኑ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ወር ዕድሜው የቀመሰው ምግብ ጠረን ይቀረጽበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ጠረን እንደ ምግብ አይቆጥረውም። ፌሬቶችዎ ከሥጋው ዘወር ያሉት እልኸኞች ስለሆኑ ወይም ስለናቁት አይደለም፤ በሳህኑ ላይ የሚበላ ነገር መኖሩን ስላላወቁ ነው። እኔ ይህን ከተረዳሁ በኋላ ማስገደዱን ትቼ፣ የሚያውቁትን ጠረን ይዤ አዲሱን በእርሱ ላይ ማስከተል ጀመርኩ።

ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ የጀመርኩት ሥጋ ሳልነካ፣ ደረቁን ምግብ ራሱን በማለስለስ ነው። አንድ የቡና ስኒ ደረቅ ምግብ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ ለግማሽ ሰዓት ከተውኩት በኋላ በሹካ ደፍጥጬ እንደ ቀጭን ገንፎ አደረግሁት፤ ለብ ሲልም በጣቴ ከንፈራቸውን አስነካሁ። የለመዱት ደረቅ ምግብ በሌላው ሳህን እንዳለ ነው፤ አላነሣሁባቸውም። ቡላ በሁለተኛው ቀን ላሰችው፤ ዳማ ሳምንት ፈጀ። ሁለቱም ገንፎውን ያለ ልመና መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው ሥጋ የጨመርኩበት፤ እርሱም ከነአጥንቱ ተፈጭቶ እንደ ክትፎ የላመ አንድ የሻይ ማንኪያ የዶሮ ሥጋ ነበር። በየሦስትና በየአራት ቀኑ አንድ ማንኪያ ሥጋ ስጨምር ያንኑ ያህል ገንፎ እቀንሳለሁ። ዳማ አሽትቶ የተወው ቀን ካለ፣ በማግሥቱ ቀድሞ ወደበላው ልክ እመለስ ነበር። ሙቀቱ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሥጋ ጠረኑ ስለማይነሣ እኔ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሬ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆየዋለሁ። አጥንት ያለበትን ሥጋ ግን በማይክሮዌቭ አያሙቁ፤ የበሰለ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰበራልና አንጀት ይወጋል።

ቡላ በሦስተኛው ሳምንት የተፈጨ ሥጋ ብቻ ትበላ ነበር። ዳማ ከገንፎና ሥጋው ድብልቅ አልፎ ለመሄድ ሁለት ወር ሙሉ እንቢ አለ። የተፈጨውን ይበላል፤ የተቆረጠ ሥጋ ሲያይ ግን ይሸሻል። መፍትሔ የሆነኝ ሙቀጫ ነው። ደረቁን ምግብ እንደ በርበሬ አድቅቄ ወቀጥኩት፤ የዶሮውን ሥጋ እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኜ ቆርጬ በዱቄቱ ላይ አንከባለልኩት። ከላይ ያለው የሚያውቀው ጠረን ስለሆነ አነሣው፤ ሲነክሰው ደግሞ ሥጋውን ቀመሰ። ዱቄቱን በየቀኑ እያሳሳሁ፣ ቁራጩን እያወፈርኩ ሄድኩ። አንዳንዶች አንድ ጠብታ የሳልመን ዘይት ይጨምራሉ፤ እርሱም ይሠራል፣ ነገር ግን ከበዛ ሆዳቸውን ያላላል። ሲበሉም አብረው ይብሉ፤ የእርስዎን ወንድ ፌሬት ሴቷ ስትበላ ማየቱ ይጠቅመዋል። ዳማ የመጀመሪያውን ወፍራም ቁራጭ የበላው ከቡላ አፍ ነጥቆ ነው። በጠቅላላው አራት ወር ፈጅቶበታል፤ በእነዚያ አራት ወራት ግን አንድም ቀን ባዶ ሆዱን አላደረም።

አጥንቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል እኔም ፈርቼ ነበር። የተጀመረው በዶሮ ክንፍ ጫፍ ነው፤ እርሱንም መጀመሪያ በዘነዘና ቀጥቅጬ አድቅቄ ነው ለቡላ የሰጠኋት። ቡላ ክንፉን በፊት እግሮቿ ፎጣው ላይ ተጭና ያዘችው፤ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጎን መንጋጋዋ ስታኝከው አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ከክፍሉ ማዶ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይደቅ፣ ቀጥሎም የዶሮ አንገት፣ የጥንቸል ጎድን፣ ሲገኝም ሙሉ ድርጭት ሰጥቻቸዋለሁ። ድርጭት አጥንቱ ቀጭን ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። የበሬና የበግ ቅልጥም ግን ጥርሳቸውን ስለሚሰብር አይስጡ። መጀመሪያ አካባቢ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ሳያኝክ ሊውጥ የሚቸኩል ካለ ትልቅ ቁራጭ እንጂ ትንሽ አይስጡት፤ ትልቁ እንዲያኝክ ያስገድደዋል።

የዶሮ ጡት ብቻ መስጠት የጥሬ ሥጋ አመጋገብ አይደለም። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አጥንት የማያገኝ ፌሬት ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል። እኔ የምከተለው ልክ በሳምንት ተደምሮ ከ10 እስከ 15 በመቶ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበት፣ 5 በመቶ ኩላሊት ወይም ጣፊያ፣ የቀረው ሥጋ ነው፤ ከሥጋውም ድርሻ ውስጥ ልብ እንዳይጠፋ እጠነቀቃለሁ፣ ለልባቸውና ለዓይናቸው የሚያስፈልገው ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በእርሱ ነውና። ጉበት ይወዱታል ተብሎ መብዛት የለበትም፤ ቫይታሚን ኤው ሲከማች ይጎዳል። ያደገ ፌሬት በቀን ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ይበላል፤ 1 ኪሎ ለሚመዝን ከ50 እስከ 100 ግራም ማለት ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለዎት ዛሬውኑ ይግዙ። በሽግግሩ ወራት በየሁለት ቀኑ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀርብ፣ በሳህን አስቀምጬ እመዝናቸውና እጽፍ ነበር። ከመነሻው 10 በመቶ የቀነሰ ካለ ወደ ቀድሞው ምግብ ተመልሶ ሐኪም ማማከር ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፦ ፌሬቶች ቀኑ ሲያጥርና ብርድ ሲገባ ይወፍራሉ፣ ቀኑ ሲረዝም ይከሳሉ፤ ስለዚህ የካቲትና መጋቢት ላይ የሚታየው መቀነስ ሁሉ ከምግቡ የመጣ ላይሆን ይችላል። ዓይነ ምድራቸውንም በየቀኑ ይዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረንጓዴና ንፍጥ የመሰለ ቢሆን አይደንግጡ፤ ሆድ ሲላመድ እንዲህ ይሆናል፣ ከጥቂት ቀናት በላይ ከቀጠለ ግን ለሐኪም ያሳዩት። ነጣ ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል፣ ጠቆር ብሎ ከላላ ጉበቱ በዝቷል። እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ጨጓራው ወይም የላይኛው አንጀቱ እየደማ ሊሆን ስለሚችል፣ ወይም እያስመለሰው ምንም ካልወጣው አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ያኔ ማደር የለበትም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ስለ ንጽሕና የጠየቁት ልጆች ስላሉዎት ይመስለኛል። ፌሬት የተረፈውን መደበቅ ይወዳል፤ እኔ ከሶፋ ሥር ሦስት ቀን ያደረ የዶሮ አንገት በጠረኑ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ የሚበሉት በኬጃቸው ውስጥ፣ በሚታጠብ ፎጣ ላይ ብቻ ነው፤ ቁራጩን ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ቆጥሬ አነሣለሁ። ሳህኑንና መክተፊያውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ካጠብኩ በኋላ ውኃ በተጨመረበት በረኪና አልፈዋለሁ፤ ልጆቹ ከበሉ ፌሬቶች ጋር ፊት ለፊት መሳሳም የለባቸውም። እኛ ለዶሮ ወጥ እንደለመድነው በሎሚና በጨው ማሸት ግን ለእነርሱ አይሆንም፤ የሎሚውን ጠረን ይጠሉታል፣ ጨውም አያስፈልጋቸውም፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያም አያጠፋም። በረዶ ማድረግም ቢሆን አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ባክቴሪያን አይገድልም።

ከዚህ የባሰው የወፍ ጉንፋን ነው። ፌሬት የሰውም የወፍም ኢንፍሉዌንዛ በቀላሉ የሚይዘው እንስሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የለዩትም በፌሬት ላይ ነበር። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በኦሪገን ግዛት አንዲት የቤት ድመት ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተገኘበት በረዶ የሆነ ጥሬ የተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ምግብ በልታ ሞታለች፤ በረዶ መሆኑ ቫይረሱን አላጠፋውም። ስለዚህ ሕመሙ በወፎች ዘንድ በተስፋፋበት ወቅት እኔ ዶሮውን ቀንሼ ወደ ጥንቸልና በግ አደላለሁ፣ የዶሮ ሥጋ ከሰጠሁም አጥንቱን ለይቼ አብስዬ ነው። አጥንቱ በሚቀርበት ጊዜ የካልሲየሙን ምትክ በልክ የሚነግርዎ ሐኪም ነው፤ በግምት አይጨምሩ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለውሾችና ለድመቶች ጥሬ ሥጋ መስጠትን አይመክርም፤ ሐኪምዎ ቢቃወሙዎት ከዚህ የተነሣ ነው፣ ሳይነግሯቸውም አይጀምሩ። በቤትዎ ገና ሕፃን ወይም ሰውነቱ በሕመም የደከመ ሰው ካለ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ጥሩ ደረቅ ምግብ ላይ እቆያለሁ።

በጾም ጊዜ እንዴት እንደማደርግ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለውን ለእርስዎም ልበል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤታችን ሥጋ ስለማይገባ፣ ቅበላው ሳምንት ላይ የሁለት ወር ድርሻቸውን መዝኜ፣ በትናንሽ ከረጢት ከፍዬ፣ ቀን ጽፌ በረዶ ቤቱ ውስጥ ለብቻው በተዘጋ ሣጥን አስቀምጣለሁ። መክተፊያቸውና ቢላቸውም የራሳቸው ነው፤ ስለዚህ ማንም አይቸገርም።

ደሙን አስመርምረው ሐኪሙ ከፈቀዱልዎ፣ የዶሮውን ሥጋ ከፊታቸው ያንሡና ደረቁን ምግባቸውን ይመልሱላቸው፤ በዚያው ማታ አንድ ስኒ ዘፍዝፈው ለብ እንዳለ ያቅርቡ። ሴቷ ቶሎ ትከተልዎታለች ብዬ አስባለሁ፤ ወንዱን በራሱ ፍጥነት ይተዉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ክብደታቸውን ከነቀኑ ጽፈው ከላኩልኝ፣ ሥጋውን መቼና በስንት ማንኪያ እንደሚጀምሩ አብረን እናየዋለን።