የደረቀ ኦሪየንታል ፖፒ አይነቀልም

ሚኒሶታ በሚገኘው አትክልት ስፍራዎ በጁን ያበበው ኦሪየንታል ፖፒ የተባለው የአበባ ተክል በጁላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ስለ ደረቀ ነቅለው ይጥሉት እንደሆነ ጠይቀዋል። አይንቀሉት፤ አልሞተም። ተክሉ የመጣው ከካውካሰስ፣ ከምሥራቅ ቱርክና ከሰሜን ኢራን ሲሆን፣ ሞቃቱንና ደረቁን ወራት ቅጠሉን ጥሎ፣ እንደ ካሮት ወደ ታች በሚዘልቅ ወፍራም ሥሩ ተኝቶ ያሳልፋል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሴፕቴምበር ገደማ፣ ጠጉራም ቅጠሉን እንደገና ያወጣል። እስከዚያ ውኃ አያብዙበት፤ ሥሩን የሚያበሰብሰው ውኃ የሚያቁር አፈር ነው። ቦታውን መቀየር ከፈለጉ የሚሻለው ጊዜ ኦገስት ነው፤ ሆኖም አፈር ውስጥ ከሚቀር የሥር ቁራጭ አዲስ ተክል ስለሚበቅል፣ በቀድሞው ቦታ ብቅ ቢል አይገረሙ (እኔ ሦስት አግኝቻለሁ)። ቅጠሉ ሲደርቅ የሚቀረውን ባዶ ቦታ ዘግይቶ የሚያብብ አስተር ከጎኑ ተክለው ይሸፍኑት።